ሌላ

ስሟ ሌላ ነበር።
በአገሯ የሴት ስም ነው፤ ለፍቺው የሚጨነቅ የለም፤
በኔ ቋንቋ ግን ቃል ነው፣ ሰም ሆኖ ብቻ የማይቆም።

ቦታው ቺያቱራ ነው፤ ተራራ ከተራራ የተፋጠጠበት፣
መሐሉ ገደል፣ ከገደሉ በላይ የብረት ሳጥን በኬብል የሚያልፍበት።
ቆፋሪው ጠዋት በሱ ይወጣል፣ ማታ በሱ ይወርዳል፤
ፊቱ ማንጋኒዝ ለብሶ፣ ከሰላምታው ሳሉ ይቀድማል።

ሌላ በሩን ትዘጋለች፤ ደወሉን ትጫናለች።
መንገዱ ስድስት ደቂቃ ነው። በስድስት ደቂቃ ትነግሣለች፤
ስትወርድ ዙፋኗን ጥላ ባሏ የሞተባት ትሆናለች፤
በሦስተኛው ምልልስ ደግሞ ከሠርጓ ያመለጠች፣
ጫማዋን በእጇ ያንጠለጠለች።
ልብሷ ያው የሥራ ካፖርት፣ ሰማያዊ፣ ኪሱ የተተረተረ፤
መድረኳ ሁለት ሜትር በሦስት፣ ያውም ከአየር ላይ የታሰረ።

ቫርላም የሚሉት ሽማግሌ አለ፣ ፈንጂ ጆሮውን የበላው፤
ከመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር የሱ ነው፣ ማንም አይቀማው።
«አልሰማሁም» ይላታል። ትደግመዋለች።
«አሁንም አልሰማሁም።» ድምጿን ታነሣለች።
«አትጩኺ! እኔን ያደነቆረኝ ጩኸት ነው፤
ዓይኔ እንዲሰማ አድርጊው።»

እናቷ ጺያላ የዳቦ ቤት ሒሳብ ያዥ ናት፤ ከቁጥር በቀር አታምንም።
«ልጄ፣ ምኞት እርሾ ነው፤ ሰዓቱ ካለፈ ይኮመጥጣል እንጂ አይነሣም።»
«ኮምጣጣም ይጋገራል» አለች ሌላ፣
አውቶቡሱ እንዳያመልጣት እየሮጠች፣ ቁራሽ በአፏ ይዛ።

ኩታይሲ። በሚያዝያ። የተዋሰችው ቀሚስ ትከሻዋ ላይ ሰፍቶ፤
ሦስት ፈታኝ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የተረሳ ሻይ፣ ዝንብ ገብቶ።
«አነጋገርሽ የተራራ ነው» አሏት። ተመለሰች።
በዓመቱ ደግማ ሄደች። «ዘገየሽ» አሏት፤
ሃያ አራት እንኳን አልሞላች።

ያን ማታ ስድስቱም ደቂቃ ባዶውን አለፈ፤
ኬብሉ ብቻ አፏጨ።
ቫርላም ጆሮውን በጣቱ ነካ፣ መታ፣ ደግሞ ነካ፤
ዝምታዋን የራሱ ሕመም መስሎት ለካ።

በኅዳር፣ ሐሙስ ማታ፣ የከተማው መብራት ጠፋ።
ሳጥኑ ከገደሉ መሐል ቀጥ አለ።
ዘጠኝ ሰው ነበር፤ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ አንድ ዶሮ የታቀፈ፤
አንዱ ጸለየ፣ አንዱ የኩባንያውን እናት ዘለፈ፤
ነፋሱ ሁሉንም እኩል ወዘወዘ።
ሌላ የእጅ ባትሪዋን ከአገጯ ሥር አበራች፤
ጉሮሮዋን ጠረገች፤
ጀመረች።

ምን እንደ ተጫወተች ዛሬም አይስማሙበትም።
ነፍሰ ጡሯ «ልጇን ስለ ቀበረች ሴት ነው» ትላለች፣ እንባዋ አይቆምም፤
ባለ ዶሮው «ስለ ሰነፍ ሌባ ነው፤ እንዲያ ስቄ አላውቅም» ይላል።
ብቻ ባትሪው ደከመ፣ ቀላ፣ ጠፋም፤
እሷ ግን አላቋረጠችም።
ከንፈሯ በማይታይበት፣ ጨለማው እንደ ግድግዳ በቆመበት፣
ከመስኮቱ ሥር አንድ ድምፅ
«ሰማሁ» አለ።

ከሰዓት ተኩል በኋላ መብራት መጣ፤ ሳጥኑ ተንቀሳቀሰ።
«ቁሚ እባክሽ! መጨረሻውስ?» አለ ባለ ዶሮው፣ ፊቱ እንደ ረጠበ።

በመጋቢት ሦስተኛ ሄደች፤ ቀሚስ አልተዋሰችም፣
የተተረተረውን ካፖርት ለብሳ።
ፈታኙ ቀና ሳይል፣ «ስም?» አለ።
«ሌላ።»
ከዚህ ወዲያ ያለውን አላየሁም፤ በሩ ተዘጋ።

ያን ቀን በሳጥኑ አንድ ልጅ ተተካ፣
ድምፁ ገና ያልጎረነነ፣ ማንሻውን በሁለት እጁ የያዘ።
ደወለ። ዘጋ። መሐል ገደል ደረሱ።
ቫርላም ዞር ብሎ አየው፤ ትንሽ ጠበቀ፤
«ምነው ልጄ» አለው፣ «ዝም ብለህ ነው እንዴ የምትነዳ?»